ያልተቃናው ጫማ

«ለወረዳችን ነዋሪዎች በሙሉ! በጽሕፈት ቤታችን ደጃፍ የቆመው ቢጫ ባልዲ ከዛሬ ማለዳ ጀምሮ በግማሽ ክንድ ወደ ቀኝ የተጠጋ መሆኑን ስናበስር የሚሰማን ደስታ ወሰን የለውም። ለዚህ ውጤት ሰባት ዓመት ሙሉ ለደከሙት ኃላፊያችን ምስጋናችንን እያቀረብን፣ ባልዲውን ወደ ቀድሞ ቦታው ሲመልስ የተገኘ ማንኛውም ሰው በሕግ የሚጠየቅ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።»

ይህን ማስታወቂያ ትናንት በሕልሜ አነበብኩት። ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ የተመታው ግን ተገልብጦ ነው። ከማስታወቂያው ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ ያጨበጭባል። አጠገቤ የቆመ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ እንባውን ይጠርጋል።

«ምን ተገኘ?» አልኩት።

«ባልዲውን አላየኸውም?»

«አየሁት።»

«ታዲያ አታለቅስም?» አለና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «አባዜ ማለት እንዲህ ነው፣ ወንድሜ! ሰባት ዓመት፣ አንድ ባልዲ! ያንተስ ምንድን ነው?»

«የኔ ምን?»

«አባዜህ።»

«እኔማ የለኝም።»

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። አንገቱን ደፋና ለሐዘንተኛ እንደሚባለው «እግዜር ያጥናህ» ብሎኝ ሄደ።

ሕልሙን ከመቀጠሌ በፊት ነቅቼ ሳለሁ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ስሜ ዳግማዊ ነው። የምሠራው መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። አለቃችን ቃላቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ መድበው ያካፍሉናል፤ ከአራት ወር በፊት ለኔ «አባዜ» ደረሰኝ። ቀላል መስሎኝ «ሰውን ይዞ አልለቅ የሚል ሐሳብ ወይም ተግባር» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። ቃል ከሰው አፍ ይለቀማል ብዬ ደግሞ ወጣሁ። በታክሲ፣ በምሳ ቤት፣ በፀጉር ቤት የሰማሁትን በካርድ መዘገብኩ። «ያ ሰውዬ እኮ የስብሰባ አባዜ ተጠናውቶታል!» «ምን ዓይነት አባዜ ነው፣ የበሉትን ሁሉ ፎቶ ማንሣት!» «አንቺ ደግሞ የማጠብ አባዜሽ!» ሁለት መቶ ስድሳ ካርድ ሞላሁ። ከሁለት መቶ ስድሳው ውስጥ «እኔ አባዜ አለብኝ» የሚል አንድም አልተገኘም። አባዜ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። በራስ ሲሆን ጥንቃቄ ነው፣ ንጽሕና ነው፣ ትጋት ነው፤ ሲበዛ ሲበዛ ልማድ ነው። ይህንኑ ጽፌ አቀረብኩ፤ አለቃዬ መለሱብኝ። እስካሁን አርባ አንድ ጊዜ ጽፌ አርባ አንድ ጊዜ ሰርዣለሁ። ይህ አባዜ አይደለም። ሥራ ነው።

ሕልሙን ያየሁትም ሽማግሌዎቼ በማግስቱ ወደ ትርሲት አባት ቤት ሊሄዱ በነበረበት ሌሊት ነው። ትርሲትን ካወቅኳት ሦስት ዓመት ሆነኝ። አባቷ አቶ ጥሩነህ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ እሳቸው «አይሆንም» ካሉ ትርሲት እንባዋን ጠርጋ «አይሆንም ብለዋል» የምትል ልጅ ናት። እንግዲህ የተኛሁት ይህን ይዤ ነው።

በሕልሜ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ልግባ ስል ሰልፍ ገጠመኝ። የተሰለፉት ሠራተኞቹ ናቸው። ከበሩ እስከ አስፓልቱ ድረስ ማኅተማቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ፀሐይ ይመታቸዋል። ሰልፉ የሚያልቅበት መስኮት ውስጥ አንዲት ወይዘሮ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ።

«እትዬ፣ እባክዎ ላገልግልዎት» አለ የፊተኛው።

«ነገ ተመለስ።»

«ትናንትም ነገ ተመለስ ነው ያሉኝ።»

«ሲስተም የለም» አሉና ሌላ ነጭ ሽንኩርት አነሡ። ቀና ሲሉ እኔን አዩኝ። «ባዶው አንተ ነህ አይደል? ምን ትገተራለህ! ቤትህ ሽማግሌ መጥቶ የለም እንዴ!»

በሚኒባስ ወደ ቤት ገሰገስኩ። ተሳፋሪዎቹ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «አንድ ረዳት! አንድ ረዳት የቀረው!» እያሉ ይጮኻሉ። ረዳቱ ከኋላ ወንበር ጥግ ተሸጉጦ «እባካችሁ፣ እኔ የምወርድበት ጋ ወራጅ በሉልኝ» ይላል። ማንም አላለለትም። እኔ ስወርድ እሱ አብሮኝ ለመውረድ ሞክሮ አልቻለም።

በኛ አገር ሽማግሌ የሚልክ ወንዱ ነው፤ በሕልሜ ግን ከትርሲት ወገን ሦስት ሽማግሌዎች ተልከው ቤታችን ገብተዋል። ሽማግሌ ደግሞ ወጉ ጉዳዩ ሳይሰማለት አለመቀመጥ ነው። እነዚህ ምንጣፉ ላይ በረድፍ ተጋድመው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንነሣም!» ይላሉ። እናቴ «ኧረ በሞቴ፣ ተኙ፣ ተኙ» እያለች ትራስ ታቀብላለች። አጎቴ ጋሽ ዘለቀ ጥግ ላይ ቆመው ከዘራቸውን በጭንቀት ያሽከረክራሉ። የሽማግሌዎቹ ጫማ በራፉ ላይ ተደርድሯል፤ ሁሉም ሶሉን ለሰማይ ሰጥቶ አፉን መሬት ላይ ደፍቶ። በዚያ አገር የጫማ ወጉ ይህ ነው።

ስገባ አንዱን በእግሬ ጣት ቀና አደረግኩት። ማንም አላየኝም።

እዚህ ላይ ነገሩ ግልጽ ይሁን። የተገለበጠ ጫማ ካየሁ አቃናለሁ። እናቴ በልጅነቴ «የተገለበጠ ጫማ የሰማይን ፊት ይረግጣል» ትለኝ ነበር፤ እሷ ረስታዋለች፣ እኔ አልረሳሁትም። ልማድ ነው። ባለፈው ወር የትርሲት አያት አርባ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ሾልኬ ወጣሁና በወንዶች በር የተከመረውን ጫማ አየሁ። ሰው ተጋፍቶ ሲገባ ግማሹ ተገለባብጧል። አቃናሁት። መቶ ጫማ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፤ ሁሉንም አላቃናሁም። የማን እንደሆነ የማላውቀው አንድ ቡኒ የግራ ጫማ፣ ተረከዙ በአንድ ወገን የተበላ፣ እንደተገለበጠ ትቼው ሄድኩ። እያየሁት ነው የተውኩት። አባዜ ያለበት ሰው አንዱን መተው አይችልም፤ እኔ ችያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ጫማ አንዳንዴ አስበዋለሁ እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ።

«እንግዲህ» አሉ የመካከለኛው ሽማግሌ፣ ክንዳቸውን ተንተርሰው። «ዘር አንጠይቅም። ሥራም አንጠይቅም። ዘርና ሥራ ማን ያጣል? አንዲት ነገር ብቻ። የልጃችሁ አባዜ ምንድን ነው?»

እናቴ የያዘችውን ትራስ እቅፍ አደረገችው። «ገና ነው» አለች። «ጥርስም ያወጣው ዘግይቶ ነው።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ባዶውን!» አሉ ሽማግሌው። «የኔ የልጅ ልጅ በሁለት ዓመቷ አንድ ማንኪያ ይዛ ስትታጠብም አትለቅም!»

ጋሽ ዘለቀ አላስቻላቸውም። «አለው!» አሉ። «ዓይነ አፋር ሆኖ ነው እንጂ የስብሰባ አባዜ አለው!»

ሦስቱም በክርናቸው ቀና አሉ። የስብሰባ አባዜ በዚያ አገር የትልቅ ቤት ልጅ ምልክት ነው።

«እስቲ ይሰብስበን» አሉ።

ቆምኩ። «አጀንዳችን ዳግማዊና ትርሲት ይጋቡ ወይ የሚል ነው» አልኩ። «የሚቃወም አለ? የለም። ጸድቋል። አመሰግናለሁ፤ ስብሰባው አልቋል።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ጨረሰው!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«የመክፈቻ ንግግር እንኳ የለ!»

«የሻይ ዕረፍቱስ? ‹በይደር እንያዘው› የምትል አንዲት ቃል እንኳ ከአፉ አትወጣም?»

የመካከለኛው ሽማግሌ ረጋ ብለው ፍርዳቸውን ሰጡ። «እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም። እስከ ቀትር ጊዜ ሰጥተነዋል። ጥላችን እግራችን ሥር እስኪገባ አባዜ ካልያዘው፣ ትርሲት ለኢንጂነሩ ትዳራለች።»

«ለየትኛው ኢንጂነር?» አልኩ።

«አንዱን መንገድ ስድስት ጊዜ አስፓልት አልብሶ ስድስት ጊዜ ለቆፈረው።» ስሙን ሳይሆን ሥራውን ሲጠሩ ሦስቱም ደረታቸውን በእጃቸው ነኩ።

ጋሽ ዘለቀ እጄን ጎትተው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ አልጋ ላይ ተኝቷል። በሽተኞቹ ዙሪያውን ቆመው አንዱ ግንባሩን ይዳስሳል፣ ሌላው «አይዞህ፣ ያልፋል» ይለዋል።

«የት የት ላይ አያምህም?» አለኝ ሐኪሙ።

«የትም ላይ አያመኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አላስታውስም። ከድሮም።»

ተነፈሰ። «በር ቆልፈህ ስትወጣ ስንት ጊዜ ተመልሰህ ታየዋለህ?»

«አልመለስም።»

«ስልክህን ስትተኛ ማን ያይልሃል?»

«ማንም።»

ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ሥራህስ?»

«ቃል እተረጉማለሁ። አንዱን ቃል አርባ አንድ ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።»

ነርሷ ተስፋ አደረገች፤ ብድግ አለች። ሐኪሙም ከትራሱ ቀና አለ። «በገዛ ፈቃድህ?»

«አለቃዬ እየመለሱብኝ ነው።»

«ተዪው፣ ሥራ ነው» አላትና ተመልሶ ተኛ። ወረቀት አንሥቶ ጻፈልኝ፦ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ የእግር ኳስ ክርክር።

መድኃኒቱን እዚያው በር ላይ ጀመርኩት። ስምንት ሰዎች አይተውት ስለማያውቁት ሜዳ ተናንቀው ይከራከራሉ። አንደኛው አገጬን ይዞ «አንተ ፍረድ! ማን ነበር ማሸነፍ ያለበት?» አለኝ። አሰብኩና «ሁለቱም ጥሩ ተጫውተዋል» አልኩ። ስምንቱም በእርጋታ፣ ምንም ሳይጎዱኝ፣ አንሥተው አጥሩን አሻገሩኝ።

ከሐኪም ቤቱ ስወጣ አንድ ነገር አድርጌ ነበር፤ ልርሳው አልፈለግኩም። ከሐኪሙ አልጋ ሥር ነጠላ ጫማው ተገልብጦ ስለነበር በጫማዬ ጫፍ መለስኩት። ነርሷ «ምን አደረግክ?» አለችኝ፤ «ምንም» አልኳት።

አጥሩን የተሻገርኩት ትርሲት ዘንድ ነው። ቢጫው ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ባልዲው ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ሳይነቃነቅ እዚህም ነበር፤ በሕልም ማን ይጠይቃል።

«ትርሲት» አልኳት፣ «እኔ እኮ ያላንቺ—»

«ምሳ አልበላም» ብላ ጨረሰችው። በዚያ አገር የትርሲት አባዜ የሰው ዓረፍተ ነገር መጨረስ ነው። ዲፕሎማ አላት።

«ያላንቺ መኖር አልችልም ልል ነው።»

«ሁሉም የሚለው እሱን ነው። ስንቱን ጨርሼዋለሁ!»

«እውነት ኢንጂነሩን ልታገቢው ነው?»

«ስድስት ጊዜ ቆፍሯል፣ ዳግሜ።» እንባ አቀረረች። «ሰባተኛውን በስሜ እቆፍርልሻለሁ ብሎኛል። እኔ አንተን ነው የምፈልገው። ግን አንዲት እንኳ፣ ለምልክት የምትሆን... ጥፍርህን እንኳ አትበላም!»

«ጤነኛ መሆኔን አልነበር እንዴ የወደድሽልኝ?»

«ጤነኛ ነህ ያለህ ማን ነው?»

ዝቅ ብላ አየች። ባልዲው ላይ ስትወጣ ያወለቀችው ነጠላ ጫማ ተገልብጦ ነበር። አሁን ተቃንቷል። እኔ ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ ሰማዩን አያለሁ።

«ዳግሜ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተ እኮ...»

የሰውን ሁሉ የምትጨርሰው ትርሲት የራሷን ሳትጨርስ ተወችው። የቀትር ደወል ተደወለ።

የአቶ ጥሩነህ ግቢ ሰው ጢም ብሏል። በረንዳው ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደተጋደሙ ናቸው፤ ማን ተሸክሞ እንዳመጣቸው እንጃ። አቶ ጥሩነህ በሙሉ ልብስና በክራቫት፣ በባዶ እግራቸው፣ ከፍ ብለው ቆመዋል። በስተቀኛቸው ኢንጂነሩ አካፋውን ተደግፎ ፈገግ ይላል። ጋሽ ዘለቀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዝም ብለህ አንዱን ጥራ፤ የማጠብ በል፣ የመጥረግ በል! ማን መርምሮ!» አሉኝ።

እኔ ግን አልሰማኋቸውም። ከበረንዳው ደረጃ እስከ ግቢው በር ድረስ ጫማ ተደርድሯል። መቶ ይሆናል። መቶውም ሶሉን ለሰማይ ሰጥቷል።

«እህስ፣ ልጅ ዳግማዊ» አሉ አቶ ጥሩነህ። «ያዘህ?»

«አልያዘኝም፣ ጋሼ» አልኩ። ይህን ስል ተንበርክኬ አንዱን እያቃናሁ ነበር። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ጥንዱን አገናኝቼ አፍንጫውን ወደ በሩ አዞርኩት። አሥረኛው ላይ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ሠላሳኛው ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ስድሳኛው ላይ ቆሙ።

«አለው!» አለች እናቴ። «ልጄ አለው! አለው!» እልልታው ቀለጠ።

«ወደ ቦታው የመለሰ በሕግ ይጠየቃል!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ።

«ይጠየቃ!» አሉ የመካከለኛው ሽማግሌ። «ያለበት ሰው አይደል የሚጠየቀው! አንተን ስድስት ጊዜ ስትቆፍር አንድ ቀን ማን ጠየቀህ?»

እኔ ዘጠና ዘጠነኛውን አቅንቼ አንድ ቀረኝ። ቡኒ ነው። የግራ እግር ነው። ተረከዙ በአንድ ወገን ተበልቷል። አወቅኩት። እጄ ከላዩ ላይ ቆመ።

ተነሣሁ። ጉልበቴን አራገፍኩ። «ይህን አላቃናም» አልኩ። «አያችሁ? መተው እችላለሁ። ልማድ ነው እንጂ አባዜ የለብኝም።»

እልልታው እንደ ቧንቧ ውኃ ተቋረጠ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ተጋደሙ። ኢንጂነሩ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሌላውን እጁን ለትርሲት ዘረጋ። ትርሲት ወደኔ አየች፤ ከዚያ ወደ ጫማው አየች፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኢንጂነሩ ተራመደች።

አቶ ጥሩነህ ደረጃውን ወርደው አጠገቤ መጡ። በሹክሹክታ «አንድ ጫማ ነው የቀረህ፣ ልጄ» አሉኝ። «አቃናውና በገዛ አፍህ ‹አባዜ አለብኝ› በል። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ትርሲት ሁለተኛውን እርምጃ አነሣች። እኔ ተንበረከክኩ። ጫማው ከእጄ አንድ ጣት ይቀረዋል። ሁለት መቶ ስድሳ ካርዶች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ከሰማይ ይረግፋሉ፤ ሁሉም ባዶ ናቸው። አፌን ከፈትኩ።

«እኔ አባ—»

ስልኬ ጮኸ።

ነቃሁ። ፀሐይ ግድግዳዬ ላይ ወጥታለች፤ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እግሬን ወደ መሬት ሳወርድ አንደኛው ነጠላ ጫማዬ ተገልብጧል። አቃናሁትና ስልኩን አነሣሁ። ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«ተኝተሃል እንዴ! እኛ እዚህ አቶ ጥሩነህ ቤት ከጧት ጀምሮ ቆመን!»

«ምን አሉ፣ ጋሼ?»

«ዘር ጠየቁ፣ ተናገርን። ሥራ ጠየቁ። ቃል ይተረጉማል አልን። ከምን ወደ ምን? አሉ። ከአማርኛ ወደ አማርኛ አልን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኛ ያልገባን አንድ ነገር አነሡ። ‹እሱን ራሱን አገናኙኝ፤ ነገሩ በሱ መልስ ነው የሚያልቀው› አሉ። እንካቸው፣ አጠገቤ ናቸው። ዳግሜ፣ አደራህን፣ ሰው አታስደነግጥ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ። ሳል ተሳለ።

«ልጅ ዳግማዊ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«የእናቴ አርባ ዕለት ቅዳሴ ላይ ሳል ይዞኝ ወጥቼ ነበር። ከዓምዱ ኋላ ቆሜ ነበርኩ። በደጃፉ ላይ ስትሠራ የነበረውን አይቼሃለሁ።»

ትርሲት ታየችኝ፤ እንባዋን ስትጠርግ ታየችኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...»

«የምን ይቅርታ ነው? ደኅና አድርገህ ነው ያቃናኸው። ጥንዱን ከጥንዱ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሳሰልፍ እንዲህ ያለ ሰልፍ አላገኘሁም። ግን የኔን ግራ ተውክ።»

«አቤት?»

«ቡኒውን። ቀኙን አቃናህ፣ ግራውን አየኸው፣ እጅህን አቀረብክ፣ ተውከው። ለምን?»

«የርስዎ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

«እንዳላወቅክማ አውቃለሁ። ጥያቄዬ እሱ አይደለም። ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኔ ነው። ስበላ አስበዋለሁ፤ ጋዜጣ ሳነብ አስበዋለሁ። ተረከዙ ተበልቶ ነው እንዳልል ቀኙም ተበልቷል። ሸቶ ነው እንዳልል ጥንዱ ነው የሚሸተው። ትናንት ራሴ ገልብጬ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አየሁት። ባለቤቴ መጥታ ‹አንተ ሰውዬ፣ ምን አባዜ ነው የያዘህ?› አለችኝ። የምን አባዜ! ማወቅ ነው የፈለግኩት። ሰው ማወቅ ይፈልጋል።»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። «መተው እንደምችል ለራሴ ላሳይ ብዬ ነው፣ ጋሼ» ማለት ብቻ ነው። ግን ይህን ያለ ሰው «አባዜ አለብኝ»ም ብሏል፤ ሁለት መቶ ስድሳ አንደኛው ካርድ ተሞላ ማለት ነው።

«ብነግርዎት ምን ይሆናል?» አልኩ።

«ከነገርከኝማ ነገሩ አለቀ። ልጄን በሚመለከት ደግሞ ከእናቷ ጋር ረጋ ብለን እናስብበታለን።»

«ባልነግርዎትስ?»

ከኋላቸው የጋሽ ዘለቀ ከዘራ መሬቱን ሲቆረቁር ይሰማኛል።

«ካልነገርከኝ» አሉ አቶ ጥሩነህ፣ «ከዓይኔ አትርቅም! አግብተሃት በየእሑዱ እዚሁ እፊቴ ቁጭ ብለህ ምሳ ትበላታለህ፤ እስክትነግረኝ ድረስ የሞት መልአክ ቢመጣ አልለቅህም! ሰማህ? በል፣ አሁን ንገረኝና ይውጣልኝ። ለምን ተውከው?»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖርኩት የቃል ትርጉም በመግለጽ ነው። ለሌላ ለምንም አልተማርኩም።

«አልናገርም፣ ጋሼ» አልኳቸው።